ስማርት መስታወት ለባሕር ዳር ቤት ያዋጣል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባሕር ዳር ከጣና ዳርቻ ብዙ ሳይርቁ ባለ ሦስት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ እያስገነቡ ነው። ከመስኮቶቹ ግማሾቹ ወደ ሐይቁ፣ ግማሾቹ ወደ አስፋልቱ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ይመለከታሉ። ውጭ አገር የሚኖር የእህታቸው ልጅ «ሲሞቅ በራሱ የሚለዋወጥ የመስታወት ቅብ አለ፤ ኤሲ አያስፈልግዎትም» ብሏቸዋል። በዚያ ላይ አንድ ነጋዴ «ስማርት ፊልም» የሚለውን ናሙና አሳይቶ ቀብድ ጠይቋቸዋል። በኬሚስትሪ የተመረቀችው ልጃቸው ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ይህንኑ ቅብ ራሷ ለመሥራት አስባለች። «ልግዛ ወይስ ልተው? ልጄስ የሚሆን ነገር ይዛለች? እንግዶቼ መጋረጃ ዘግተው ሐይቁን ሳያዩ እንዲሄዱ አልፈልግም» ይላሉ።

ጋሼ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎት፤ ምክንያቱን ከፈለጉ ይከተሉኝ። በራሱ የሚለዋወጠው ቅብ እውነተኛ ነገር ነው፣ ተረት አይደለም። ነገር ግን የታሰበው በረዶ ሲጥል ቤቱን ለሚያሞቅ፣ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ለሚያቀዘቅዝ አገር ነው። ባሕር ዳር ማሞቂያ አብርቶ የሚያድር ቤት አላውቅም። ለእርስዎ የሚሻለው ጠባዩን የማይለውጥ፣ ብርሃኑን አሳልፎ ሙቀቱን የሚመልስ ቅብ ነው፤ እሱም በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ብቻ፣ ያውም ከውጭ ጥላ ካበጁ በኋላ። ቀብዱን አይክፈሉ። የልጅዎ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እሷን አይከልክሏት።

ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚገባ እንይ። ብዙ ሰው ውጭ ያለው ትኩስ አየር መስታወቱን አልፎ የሚሰርግ ይመስለዋል። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ አንድ መስኮት እንውሰድ፤ ስፋቱ 3 ካሬ ሜትር ነው። ውጭው 29፣ ውስጡ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ በነጠላ መስታወት በኩል በአየሩ ልዩነት የሚገባው ሙቀት 70 ዋት ገደማ ነው። አንድ የቀድሞ አምፖል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስታገኘው እንይ። በጠራ የበጋ ቀን ወደ ምዕራብ የቆመ ግድግዳ በካሬ ሜትር 650 ዋት ያህል ይቀበላል። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ መስታወት ከዚህ 82 በመቶውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ሲባዛ 1,600 ዋት ይመጣል። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,500 ዋት አካባቢ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ በየሁለት መስኮቱ አንድ የጋለ ምጣድ ክፍል ውስጥ ተጥዷል ብለው ያስቡ። 12 ሺህ ቢቲዩ የሚባለው የተለመደ ኤሲ ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀትም ይኸው 3,500 ዋት ነው። ኤሲዎ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ያንን ምጣድ ሲያበርድ ይውላል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው የመጀመሪያው ነገር ድርብ መስታወት ብቻውን ብዙ እንደማይጠቅምዎት ነው። ድርብ መስታወት የሚከለክለው ያንን 70 ዋት ነው እንጂ 1,600ውን አይደለም። የእርስዎ ባላጋራ አየሩ ሳይሆን ጨረሩ ነው።

የፀሐይ ጨረር ደግሞ አንድ ወጥ አይደለም። ከኃይሉ ግማሽ ያህሉ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፤ 45 በመቶ ገደማው የምናየው ብርሃን ነው፤ ቀሪው ትንሹ አልትራቫዮሌት ነው። የመስታወት ቅብ ጥበብ በሙሉ እዚህ ክፍፍል ላይ ያርፋል፤ ብርሃኑን እያስገቡ ኢንፍራሬዱን መመለስ። ከዚህ የሚከተለውን ግን ሻጮች አይናገሩም። የሚታየው ብርሃንም ራሱ ሙቀት ነው። ወለል ላይ፣ አልጋ ላይ፣ ግድግዳ ላይ ካረፈ በኋላ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኢንፍራሬዱን እስከ መጨረሻው ጠብታ የሚመልስ ቅብ ቢገኝ እንኳ የፀሐይዋ ግማሽ ኃይል ከብርሃኑ ጋር ይገባል። ሐይቁ ወለል ብሎ የሚታይበት፣ ሙቀት ግን የማያስገባ መስታወት የተፈጥሮ ሕግ አይፈቅደውም።

ወደ ነጋዴው ልምጣ። ናሙናውን ሲያሳይዎት ቀይ መብራት አብርቶ፣ ፊልሙን በመሃል አድርጎ፣ «እጅዎን ያስቀምጡ፣ ሞቀዎት?» አላለዎትም? እንዳለዎት እወራረዳለሁ። ያ መብራት ከሚለቀው ኃይል ዘጠና በመቶ ገደማው ኢንፍራሬድ ነው፤ ለዶሮ ጫጩት ማሞቂያ የምንጠቀምበት ዓይነት። ፊልሙ ያንን ሲጋርድ እጅዎ በእርግጥ ይበርዳል። ፀሐይ ግን እንደዚያ መብራት አይደለችም። «99 በመቶ ኢንፍራሬድ ይከለክላል» የሚለው ጽሑፍም ብዙውን ጊዜ በአንዲት ጠባብ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ከኢንፍራሬዱ በአንዲት ቁራጭ ላይ ብቻ የተለካ ነው። መጠየቅ ያለብዎት ከጠቅላላው የፀሐይ ኃይል ስንት በመቶውን ይመልሳል የሚለውን ነው። ጥሩ የሚባል ፊልም ከ50 እስከ 60 በመቶ ነው የሚመልሰው። ይህ ራሱ ቀላል አይደለም፣ ግን ተአምር አይደለም። ሌላም አደጋ አለ። ሙቀቱን ከመመለስ ይልቅ የሚመጥ ጥቁር ፊልም በተራ መስታወት ላይ ሲለጠፍ መስታወቱ ይግላል። የመስታወቱ ግማሽ ፀሐይ ላይ፣ ግማሹ ጥላ ውስጥ ከሆነ ከጠርዙ ይሰነጠቃል። በከተማው ያሉት ሰማያዊና አረንጓዴ መስታወት የለበሱ ሕንፃዎችም ከዚህ እምብዛም አይሻሉም። ከሙቀቱ ይልቅ ብርሃኑን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ አምፖል ሲበራ ይውላል። የጣና ወፍ ሰማይ መስሎት ሲላተምበት የሚያዩት ያንኑ መስታወት ነው።

አሁን ኮምፓስ ያውጡ። ስልክዎ ላይ አለ። ጣና ከባሕር ዳር በስተሰሜን ነው። ወደ ሐይቁ የሚያዩት መስኮቶች ወደ ሰሜን ይመለከታሉ ማለት ነው፤ የዳርቻው መታጠፍ ጥቂት ዲግሪ ቢያዛንፈውም። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይዋ በዓመት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንዱ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ፣ ሁለተኛው በፍልሰታ መፍቻ ሰሞን። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ብቻ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሐይቁ ወገን ታጋድላለች። ያኔም ቢሆን እጅግ ከፍ ብላ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ 78 ዲግሪ ያህል ትወጣለች፤ አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ላለው መስኮት ከላይ የምትወጣ የ30 ሴንቲ ሜትር ኮንክሪት ትጋርዳታለች። ጠዋትና ማታ በአግድመት ትነካው ይሆናል፤ ወሩ ግን ደመናማው ክረምት ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ደግሞ የሐይቁን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ ጨርሶ አታገኘውም። ስለዚህ እንግዶችዎ ሐይቁን የሚያዩበት መስኮት ምንም ቅብ አያስፈልገውም። ንጹሕ መስታወት ያስገቡና ገንዘብዎን ይያዙ።

ችግሩ ያለው አስፋልቱ በኩል ነው። በመጋቢት፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ከአድማሱ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ብላ በምዕራብ ትቆማለች። ያንኑ መስኮት ከላይ በሚወጣ ጥላ ልጋርደው ቢሉ 2 ሜትር ከ60 የሚያህል ኮንክሪት ያስፈልግዎታል። ያ ጥላ ሳይሆን ሌላ ሕንፃ ነው። መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት የዓመቱ ሞቃት ወራት መሆናቸውን ለባሕር ዳር ሰው አልነግርም። የእንግዳው ቅሬታ፣ የኤሲው ጩኸት፣ የቆጣሪው ሩጫ ሁሉ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባሉት ሦስት ሰዓታት፣ በዚያ አንድ ግድግዳ በኩል ይገባል።

የእህትዎ ልጅ የነገረዎት ቅብ ቫናዲየም ዳይኦክሳይድ፣ ማለትም ቫናዲየም የተባለው ብረት ከኦክስጅን ጋር የሚሠራው ውሁድ፣ ሳይሆን አይቀርም። አስደናቂ ነገር ነው፣ እኔም የምወደው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ ሞሪን ይህ ውሁድ 68 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲደርስ በድንገት ጠባዩን እንደሚለውጥ አሳየ። ከዚያ በታች ኤሌክትሪክ እንደልብ አያሳልፍም፣ ኢንፍራሬድ ግን ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ እንደ ብረት ይሆንና ኢንፍራሬዱን ይመልሳል። አተሞቹ ቦታቸውን በጥቂቱ ያስተካክላሉ እንጂ አይቀልጥም፣ አይተንም፣ ምንም ሽቦ አይፈልግም። ሲበርድ ተመልሶ እንደነበረው ይሆናል። ተንግስተን የተባለ ሌላ ብረት በጥቂቱ ቢጨመርበት፣ ከመቶ የቫናዲየም አተም አንዱ በተንግስተን ቢተካ፣ የሚለወጥበት ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ሁለት ቢተካ ክፍል ውስጥ ወዳለው ሙቀት ይደርሳል። ወረቀት ላይ ለመስኮት የተፈጠረ ይመስላል።

መስኮት ላይ ሲወጣ ግን ሦስት ነገር ያስቸግራል። ተንግስተኑ የሚለወጥበትን ሙቀት ሲያወርደው የለውጡንም መጠን ያሳንሰዋል። በ«ክፍት» እና በ«ዝግ» መካከል ያለው ልዩነት ከጠቅላላው የፀሐይ ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ አይበልጥም። ሁለተኛ፣ የሚለዋወጠው በኢንፍራሬዱ ብቻ ነው፤ የሚታየውን ብርሃን ብዙም አይነካውም፣ ስለዚህ ዓይን የሚወጋው ጸዳል እንዳለ ይቆያል። ሦስተኛው ቀለሙ ነው። ወደ ቢጫ ያደላ ቡናማ ነው፤ ከብርሃኑም ግማሽ ያህሉን ይወስዳል። በእሱ በኩል ሲታይ ሐይቁ በነሐሴ የሞላውን ዓባይ ይመስላል። ይህን ለማየት ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣ እንግዳ አላውቅም። እርጥበት ባለበት አየር በጊዜ ብዛት ኦክስጅን እየጨመረ ወደ ሌላ ውሁድ ስለሚለወጥም መከላከያ ሌላ ቅብ ይፈልጋል።

ትልቁ ምክንያቴ ግን ይህ አይደለም። የዚህ ቅብ ትርፍ የሚገኘው ከወቅት ልዩነት ነው። በስቶክሆልም በጥር የሚገባው ፀሐይ ማሞቂያ ይቆጥባል፣ በሐምሌ የሚገባው ደግሞ ያስቸግራል፤ አንዱን አስገብቶ ሌላውን የሚመልስ መስታወት ሁለት ጊዜ ያተርፋል። እኛ ዘንድ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳው ይበርዳል እንጂ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ በኩል ለምትገባ ፀሐይ «ናፍቄሻለሁ» የሚል የለም። ዓመቱን ሙሉ «አትግባ» የምንለውን እንግዳ ለመመለስ፣ አንዳንዴ «ግባ» የሚል ዘበኛ መቅጠር አያስፈልግም።

ሌላው ዓይነት በኤሌክትሪክ የሚጠቁረው ነው። ይህን ሳያውቁት አይተውት ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሚያበረው ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ተጉዘው ከሆነ፣ መስኮቱ ላይ የሚወርድ መዝጊያ የለም፤ ከሥሩ ቁልፍ አለ። ሲጫኑት መስኮቱ ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ ደመናው ግን አሁንም ይታያል። ለሕንፃ የሚሠራው ዘመድ አብዛኛውን ጊዜ ተንግስተን ኦክሳይድ ነው። ሳትየን ዴብ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 የዚህን ውሁድ ቀለም በኤሌክትሪክ መለወጥ እንደሚቻል አሳየ። በ1980ዎቹ ደግሞ ስዊድናዊው ክላስ ዮራን ግራንክቪስት ነገሩን ወደ መስኮት አመጣው፤ «ስማርት መስኮት» የሚለው ስም የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። አሠራሩ ከባትሪ ብዙም አይርቅም። በሁለት ስስ፣ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፉ ግልጽ ቅቦች መካከል የተንግስተኑ ንጣፍ፣ ሊትየም የሚያሳልፍ ኤሌክትሮላይት የሚባል ንጣፍና ሌላ ተቀባይ ንጣፍ ይደረደራሉ። ጥቂት ቮልት ሲሰጠው ሊትየም ወደ ተንግስተኑ ይገባና ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሲገለበጥ ይወጣና ይነጣል። ትልቅ መስኮት ሙሉ ለሙሉ እስኪጠቁር ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ከተለወጠ በኋላ ግን ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሳይፈልግ ይቆያል።

በእውነቱ፣ የእርስዎን ምኞት፣ ማለትም መጋረጃ ሳይዘጋ ሐይቁን ማየትን፣ በትክክል የሚያሟላው ይህ ነው። ሐይቁ በምዕራብ ቢሆን ኖሮ ቆም ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን የሚያሳየው አስፋልቱን ነው። ዋጋው ከተራ መስታወት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እዚህ ተቆርጦ አይገጠምም፤ አንዱ ቢሰበር በልኩ ከውጭ ታዝዞ እስኪመጣ ክፍሉ በካርቶን ተሸፍኖ ይቆያል።

ነጋዴዎች «ስማርት» የሚሉት ሦስተኛ ዓይነት ቁልፍ ሲነካ ከነጭ ጭጋግ ወደ ንጹሕ የሚለወጠው ነው፤ ለስብሰባ አዳራሽ፣ ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ይገጠማል። ሙቀት ለመከላከል አልተሠራም፤ ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ ብዙም አይመልሰውም። ከዚህ በላይ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ለመቆየት ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሐይቁም አብሮ ይጠፋል።

ታዲያ ምዕራቡን ምን እናድርገው? መጀመሪያ ከውጭ መጋረድ። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ገብቷል፤ ከገባ በኋላ መጋረጃውን ያሞቃል፣ መጋረጃው ክፍሉን ያሞቃል። ያው ጨርቅ ከውጭ ቢሆን ሙቀቱ ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። ከመስኮቱ ፊት አንድ ክንድ ያህል ርቆ የሚቆም፣ ቀጥ ያሉ ክንፎች ያሉት የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም መጋረጃ ከየትኛውም ቅብ ይበልጣል። ከአዊ በሚመጣ ቀርከሃ የተሠራ ቢሆን ደግሞ ለእንግዳ ማረፊያ ያምርበታል፤ በየጥቂት ዓመቱ እንደሚቀየር አስበው ይሥሩት። ዘጌ ወርደው ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የዞሩ ሰው ይህን ያውቁታል። ክቡን ግድግዳ የሚከበው ሰፊ ጥላ ፀሐይዋን ከግድግዳው አርቆ ያቆማታል። እነዚያ አባቶች የሞገድ ርዝመት አልለኩም።

ከዚያ በኋላ ቅቡ። የሚፈልጉት ስስ የብር ንጣፎች ያሉት መስታወት ነው። ብሩ ውፍረቱ ከ10 እስከ 15 ናኖ ሜትር ነው፤ ከአንድ ጸጉር ውፍረት ከብዙ ሺህ አንድ እጅ። ሁለት ወይም ሦስት እንዲህ ያሉ ንጣፎች ያሉት ጥሩ መስታወት ከብርሃኑ ከ60 እስከ 70 በመቶ እያሳለፈ ከጠቅላላው የፀሐይ ሙቀት ከ27 እስከ 38 በመቶውን ብቻ ያስገባል። ያንን 1,600 ዋት ወደ 550 አካባቢ ሊያወርድልዎት ይችላል። ይህ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ሽቦ፣ ያለ ለውጥ ነው። ብሩ ግን እርጥብ አየር ካገኘው ይጠቁራል፤ የሐይቅ ዳር አየር ደግሞ አይምረውም። ስለዚህ በድርብ መስታወት መካከል ታሽጎ ይመጣል። ድርቡን የምንገዛው ለሙቀት ሳይሆን ለብሩ ጠባቂ እንዲሆን ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ላጫውትዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን አንድ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያለ መስታወት ተገጥሞ፣ «ምንም ለውጥ የለም፣ ተታለልን» ተብዬ ተጠራሁ። ቀን ብዙ ስለካ ዋልኩ። ማታ መብራት አጥፍተን ሻማ ለኮስኩና ወደ መስታወቱ አስጠጋሁ። በድርብ መስታወት ውስጥ ነበልባሉ አራት ሆኖ ይታያል፤ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ። ከአራቱ አንዱ ቀለሙ ይለያል፣ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ይላል፤ ቅቡ ያለበት ገጽ እሱ ነው። ለሞቃት አገር ቅቡ መሆን ያለበት በውጭኛው መስታወት የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ከክፍሉ ውስጥ ሆነው ሲቆጥሩ፣ ለእርስዎ ከሚቀርበው ሦስተኛው ነበልባል ማለት ነው። በዚያ ሕንፃ ከግማሽ በላይ በሆኑት መስኮቶች ባለ ቀለሙ ነበልባል ሁለተኛው ነበር። ተገልብጠው ገብተዋል። ሠራተኞቹ «ይህ ወደ ውጭ» የሚለውን ምልክት ከመግጠማቸው በፊት ላጥ ላጥ አድርገው ጥለውት ኖሯል፣ ለማሳመር። የአሉሚኒየም ሠራተኛዎ ምልክቱን የሚልጠው እርስዎ በሻማ ካዩ በኋላ ይሁን።

ቅብ ሳይሆን የሚረሳ ሌላ ነገር አለ፤ ትንኝ። ባሕር ዳር በሚያዝያም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱን ከፍቶ ያደረ ግድግዳ ለማግስቱ ከሰዓት በኋላ ብርድ ቆጥቦ ይቆያል። ግን ማን ከፍቶ ያድራል? ወባ ባለበት ሐይቅ ዳር ሁሉም ዘግቶ ነው የሚተኛው፣ ከዚያ ኤሲ። በሁሉም መስኮት ላይ በደንብ የሚገጥም የትንኝ መረብ ያስገቡ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ለወጣው ብር ብዙ የሚመልስልዎት ምናልባት ይኸው መረብ ነው፤ የመስታወት ባለሙያ ሆኜ ይህን መናገሬ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። የቫናዲየሙን መንገድ እንድትተው ቢመክሯት ደስ ይለኛል። ቫናዲየም ከኦክስጅን ጋር ብዙ ዓይነት ውሁድ ይሠራል፤ የምትፈልገውን አንዱን ለማግኘት ከ500 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ውስጥ የኦክስጅኑን መጠን በጥብቅ መቆጣጠር አለባት። ትንሽ ሲበዛ ቢጫው ፔንቶክሳይድ ይሆንባታል፣ ትንሽ ሲያንስ ሌላ። የፔንቶክሳይዱ ዱቄት ደግሞ ለሳንባ መርዝ ነው፤ ያለ ጭስ ማውጫ የሚነካ አይደለም። ሁለት ዓመቷ ምድጃ ስታስተካክል ያልቃል።

ተንግስተኑ ይሻላታል። የተንግስተን ብረት ዱቄት በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ይሟሟል። ሲሟሟ ስለሚግል በበረዶ ውሃ ውስጥ አድርጋ፣ በጥቂት በጥቂቱ ትጨምረው። ትርፉ ፐርኦክሳይድ ከወጣለት በኋላ ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ፣ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ መስታወት ላይ በማሽከርከር ወይም በመንከር ይቀባል። ለማድረቅ እስከ 250 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ይህ የትኛውም ላቦራቶሪ ያለው ምድጃ ነው። ብዙ ካላጋለችው የአተሞቹ አደራደር ሥርዓት ሳይይዝ ስለሚቀር ቀለም ሲለውጥ እንዲያውም ፈጣን ነው። ለተቃራኒው ገጽ ኒኬል ኦክሳይድ ወይም የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባለውን ቀለም ትጠቀም። የመጀመሪያው ጣት የምታህል ናሙና በሁለት ቮልት ገደማ ወደ ሰማያዊ ስትሄድ ማየት ለተማሪ ትልቅ ደስታ ነው፤ ይጋብዙኝ፣ እመጣለሁ።

ግን ሰማያዊ ሆነ ብላ እንዳታቆም። ተንግስተን ኦክሳይድ ቀለም እንደሚለውጥ ዓለም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት አውቆታል። እዚህ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ አልትራቫዮሌቱ ከባሕር ወለል በበረታበት፣ ክረምቱን ከሐይቅ እርጥበት ጋር ስንት ጊዜ ጠቁሮ ስንት ጊዜ ይነጣል? ጠርዙን በምን ብታሽገው ይቆያል? ይህን የሚመልስላት ወር ቆጥሮ መለካት ብቻ ነው።

እንዴት እንደምትጀምር ልንገራት። መጠናቸው አንድ የሆነ ሦስት የእንጨት ሳጥኖች ታሠራ፤ ውስጣቸው ጥቁር ይቀባ፣ አንድ ጎናቸው መስታወት ይሁን። ለአንዱ ተራ መስታወት፣ ለሁለተኛው የነጋዴው ፊልም የተለጠፈበት፣ ለሦስተኛው ተራው መስታወት ሆኖ ከፊቱ የቀርከሃ መጋረጃ። ቴርሞሜትሩ ፀሐይ እንዳይነካው ይጋረድ፤ ካለበለዚያ የምትለካው የራሱን የቴርሞሜትሩን መጋል ይሆናል። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት በየአሥር ደቂቃው ትመዝግብ። የራሷ ቅብ ሲደርስ አራተኛ ሳጥን ይጨመራል። ቦታው እርስዎ ሕንፃ ላይ ይሁን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ገና ባዶ በሆነው የምዕራብ መስኮት ውስጥ። የሐይቁን ጎን መስታወት አሁኑኑ ማስገባት ይችላሉ፤ የምዕራቡን ግን መጋቢት አልፎ መዝገቧን ሳያዩ አይዘዙ።